በሞት ደጃፍ የሚቆም ስም

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ለተወለደ ልጅ ስም ማውጣት የደስታ ሥራ ነው። ሊሞት የተቃረበውን ሰው ለሚረዳ ማኅበር ስም ማውጣት ግን እጅግ ከባድ ነው። ስሙ ሞትን ገልጦ ቢናገር ቤተ ዘመዱ «ሟርተኞች መጡብን» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ሞትን ፈጽሞ ቢሸሽግ ደግሞ ስሙ ሐሰት ይሆናል። በገረሴ ያሉ ጥቂት ወጣቶች እንዲህ ላለ ማኅበር «ስምና ምልክት ይምረጡልን» ቢሉኝ፣ አስቀድሞ የቀደሙት ሰዎች ያደረጉትን ቢያውቁ ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ሲስሊ ሳንደርስ የተባሉት እንግሊዛዊት መጀመሪያ ነርስ፣ ኋላም ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 መዳን ለማይችሉ በሽተኞች በለንደን ቤት ሲከፍቱ፣ የመንገደኞች ጠባቂ በሚባለው በቅዱስ ክሪስቶፎሮስ ስም ጠሩት። ቤቱም «ሆስፒስ» ተባለ፤ ይህ ቃል በጥንት ዘመን መንገደኛ የሚያርፍበት ቤት ማለት ነበር። ስለዚህ በሽተኛው በዚያ ቤት እንደ ተጣለ ዕቃ ሳይሆን እንደ እንግዳ ተቈጠረ። ነገሩም በስም ብቻ አልቀረም፤ ሥቃዩ እስኪበረታ ሳይጠብቁ ማስታገሻውን በየሰዓቱ መስጠት እንደሚገባ አስተማሩ።

ይሁን እንጂ ለአንዱ አገር ያማረ ስም በሌላው አገር ሊከፋ ይችላል። ካናዳዊው ሐኪም ባልፎር ማውንት እ.ኤ.አ. በ1975 በሞንትሪያል ተመሳሳይ ክፍል ሲከፍቱ፣ በዚያ አገር ፈረንሳይኛ «ሆስፒስ» የድኾች መጠጊያ ማለት ስለ ነበረ ቃሉን ትተው «ፓሊያቲቭ» የሚለውን መረጡ። ይኸውም መጐናጸፊያ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። በሽታውን መንቀል ባይቻል በሽተኛውን ከብርድ መሸፈን ይቻላል እንደ ማለት ነው።

በአገራችንም ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን በአዲስ አበባ መሠረቱ። የውጭው ቃል ለብዙ ሰው እንግዳ ነው፤ ነገር ግን ነርሷ እስከ በሽተኛው አልጋ ድረስ በሄደች ጊዜ ቃሉን ትተረጕመዋለች።

እኔ ይህን የተማርሁት ዘግይቼ ነው። ታናሽ ወንድሜ በታመመ ጊዜ «ጋሼ፣ መዳኔን እንጃ፤ ልጆቼን ማን እንዲያሳድግ ልንገርዎ» አለኝ። እኔም «ክፉ አታውራ፤ ትድናለህ» አልሁት። ሦስት ጊዜ ጀመረ፤ ሦስት ጊዜ አቋረጥሁት። ከቀብሩ በኋላ ዘመድ በልጆቹ ተጣላ፤ ልጆቹም በየቤቱ ተበተኑ። የራራሁለት መስሎኝ አፉን ዘጋሁት። ሕጉ እንኳ ከእኔ ይልቅ ይራራ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሞቱ እንደ ተቃረበ የተሰማው ሰው ስለ ቀብሩ ሥርዓትና ስለ ትንንሽ ልጆቹ አሳዳጊ በ2 ምስክሮች ፊት በቃል እንዲናዘዝ ይፈቅዳል። እኔ አንዱ ምስክር ልሆን ስችል ከልካይ ሆንሁ።

ምልክትን በተመለከተ ግን ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ስለ ደረሰው ግድያ የተቈጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሣር በየሜዳው ይበቅላል፤ ያን ቀን ኃይል የሰጠው አባቶች ለብዙ ዘመን በዕርቅ የሠሩት ሥራ ነው። ያ ሥራ ባይቀድም ኖሮ ሣሩን ማን ባከበረው?

እንግዲህ ልጆቼ፣ ምክሬን ከፈለጋችሁ ማኅበራችሁን «አለንልዎ» በሉት። ይህ ቃል ሞትን አይጠራም፤ ድኅነትንም በሐሰት አይሰጥም፤ ታማሚው ሊናገር የፈለገውን የሚሰማ ሰው እንዳለ ብቻ ይነግረዋል። ስሙን በደጃችሁ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ግን፣ በእኩለ ሌሊት ቢጠሩአችሁ ተነሥቶ የሚሄደው ማን እንደ ሆነ ቍረጡ።