የቡና ዋጋ ከኒውዮርክ እስከ ጅማ

የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈረሰ በኋላ የኒውዮርክ ገበያ ልጓም አጣ፤ በ2001 የአንድ ፓውንድ አረቢካ ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድም ላኪው፣ አቅራቢውና ሰብሳቢው የየራሳቸውን ትርፍ አስቀድመው ስለሚቀንሱ የኪሳራው ክብደት ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በጆንያ ይዞ ገበያ በወጣው የጅማ ገበሬ ላይ አረፈ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን (ዩኒየን መሠረታዊ ማኅበራት በጋራ የሚያቋቁሙት ድርጅት ነው) ቡናውን በቀጥታ ወደ ውጭ በመላክ ይህን ሰንሰለት አሳጠረ፤ በፍትሐዊ ንግድ ደንብም ኦርጋኒክ መሆኑ በምስክር ወረቀት ለተረጋገጠ ቡና በፓውንድ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ይጨመርለት ነበር። ይሁን እንጂ አብዛኛው የኢትዮጵያ ገበሬ ቀድሞውንም ለቡናው ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ የማይጠቀም በመሆኑ፣ ዋጋውን የለየው ከፍሬው ይልቅ የምስክር ወረቀቱ ነበር ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ ሲያገበያይ የየማሳው ማንነት በክምችቱ ውስጥ ጠፋ፤ የኦርጋኒክ ጭማሪውም በቀጥታ የመላክ ፈቃዳቸው በተጠበቀላቸው ዩኒየኖች በኩል በአብዛኛው የሚያልፍ ሆነ። እርሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ በትርፍ ክፍፍል መልክ ስለሚደርስ፣ በአዝመራ ወቅት ገንዘብ የቸገረው አባል በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍለው ሰብሳቢ ያንኑ ቡና በመደበኛው ዋጋ ይሸጥለታል።