በፓሪሱ የራዲየም ተቋም የተነሣ የስያሜ ጥያቄ

ለሳይንስ ቃል አቻ የሚሻ ተርጓሚ አስቀድሞ ቃሉ እንዴት እንደተወለደ ቢመረምር ይጠቀማል። ለዚህ አብነት የሚሆነን የፓሪስ ዩኒቨርሲቲና የፓስተር ተቋም በ1909 ተስማምተው የመሠረቱት የራዲየም ተቋም ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሕንጻው በ1914 ሲጠናቀቅ የፊዚክስና የኬሚስትሪው ክፍል በማሪ ኩሪ፣ የሕክምናው ክፍል በክሎዲየስ ሬጎ ይመራ ነበር።

ማሪ ኩሪና ባለቤታቸው ፒየር፣ ተቋሙ ከመመሥረቱ በፊት በ1898፣ ሁለት ዓይነት ስያሜ አበርክተዋል። «ራዲዮአክቲቭ» ጨረር ከሚለው የላቲን ቃል የተቀዳ ስለሆነ የነገሩን ጠባይ ይገልጻል። «ፖሎኒየም» ግን መታሰቢያ ነው፤ ያን ጊዜ ሦስት መንግሥታት ተከፋፍለዋት ከካርታ ጠፍታ የነበረችውን የማሪን የትውልድ አገር፣ ፖላንድን፣ ያስጠራል።

በተቋሙ እነዚህ ሁለት መንገዶች የተፎካከሩት በ87ኛው ንጥረ ነገር ስያሜ ላይ ነው። በ1929 የማሪ ኩሪ ረዳት ሆነው የተቀጠሩት ማርገሪት ፔሬ፣ አክቲኒየምን ሲያጠሩ በ1939 ይህን ንጥረ ነገር አገኙ። መጀመሪያ ከምንጩ በመነሣት «አክቲኒየም-ኬ» ተባለ። ቀጥሎም ፔሬ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ለቆ ካታዮን የመሆን ጠባዩን አይተው «ካቲየም» እንዲባል ሐሳብ አቀረቡ። ኢሬን ዦሊዮ-ኩሪ ግን ቃሉ በእንግሊዝኛ ሰሚ ጆሮ ድመትን ያስታውሳል ሲሉ ተቃወሙ። በመጨረሻም ፔሬ በአገራቸው ስም «ፍራንሲየም» አሉት፤ ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረትም በ1949 አጸደቀው።

ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚበጁ ሦስት ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ፣ መታሰቢያ ስም ቢተረጎም መታሰቢያነቱ ይጠፋልና «ፖሎኒየም»ና «ፍራንሲየም» እንዳሉ ሊወሰዱ ይገባል። ሁለተኛ፣ ገላጭ ቃል በራሳችን ቋንቋ ቢገለጽ መልካም ነው። ፔሬ ራሳቸው ጨረሩ ባመጣባቸው ካንሰር ለብዙ ዓመታት ታመው በ1975 አርፈዋል። «ጨረር አመንጪ» የሚለው አጠራር ባዕድ ቃል ለማያውቅ አንባቢ ማስጠንቀቂያ ጭምር ይሆነዋል፤ «ራዲዮአክቲቭ» የሚለው ብቻውን ይህን አያደርግለትም። ሦስተኛ፣ በፍችው የተስማማ ቃል በድምፁ ሊወድቅ ይችላል። «ካቲየም»ን የጣለው የባለቤቱ የፈረንሳይኛ ጆሮ አልነበረም፤ የጎረቤት ቋንቋ ጆሮ ነው። እንግዲህ ብዙ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሚነገሩባት አገራችን፣ አዲስ የአማርኛ ቃል ከመታተሙ በፊት በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎቹም ተናጋሪዎች ጆሮ ቢፈተን፣ በኋላ ከመማሪያ መጽሐፍ ላይ ከመፋቅ ያድነናል እንላለን።