የአባቱን ጋን ትቶ የወጣው መኮንን

 

በወላጆቻችን ቤት ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጠውን ቴፕ ታስታውሱታላችሁ? የአባት ንብረት ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነካም። ከነዚያ ቴፖች ብዙዎቹ ግንባራቸው ላይ «ሶኒ» የሚል ጽሑፍ ነበራቸው። ዛሬ የምናወጋችሁ ያንን ስም ለዓለም ስላስለመደው ሰው፣ ስለ አኪዮ ሞሪታ ነው። ሞሪታ ነጋዴ ከመሆኑ በፊት የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። መኮንን ከመሆኑ በፊት ደግሞ የበኩር ልጅ ነበር።

የበኩር ልጅ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በኩር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ዲግሪያችሁን ሳትቀበሉ የታናናሾቻችሁ የትምህርት ቤት ክፍያ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁ፣ «ሱቁን ማን ሊይዘው ነው?» እየተባላችሁ ያደጋችሁ… ይቺ ጽሑፍ ለናንተ ናት።

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰውዬው በታሪኩ መጀመሪያ ላይ እኩያችን ስለሆነ «አንተ» እንለዋለን፤ የልጆች አባት ሲሆን «አንቱ» እንላቸዋለን። አስተዳደጋችን ነው!)

15ኛው አባወራ

አኪዮ በ1921 በናጎያ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ በመጥመቅ ለትውልዶች የኖረ ነው። አባቱ ኪዩዛኤሞን የቤቱ 14ኛ አባወራ ነበሩ። 15ኛው ማን እንደሚሆን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ልጁ ገና አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ ቢሮ ይወስዱትና ከጎናቸው ያስቀምጡት፣ ስብሰባም ያስገቡት ነበር። ሌላው ልጅ ኳስ ሲጫወት እሱ ጠመቃ ያያል!

ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። እናቱ የምዕራባውያን ክላሲካል ሙዚቃ ይወዱ ስለነበር አባትየው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻ ገዙ። ልጁን ከዘፈኑ ይልቅ የማሽኑ ሆድ ገረመው። ሬዲዮ ልሥራ ብሎ ሲፈታና ሲገጥም ትምህርቱን ሊወድቅ ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ አጠና።

መለዮው የሰጠውና የነሳው

ጦርነቱ ሲበረታ የጃፓን ባሕር ኃይል ተማሪዎችን እየፈተነ በቴክኒክ መኮንንነት ይቀጥር ነበር። አኪዮም ግንባር ከመላክ ምርምር ክፍል መግባት ይሻለኛል ብሎ ተፈተነ። ይህንን በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ አልደበቀውም። በ1944 ተመርቆ መኮንን ሆነ። ሙቀትን ተከትሎ ዒላማውን የሚመታ መሣሪያ በሚያጠና ኮሚቴ ውስጥም ማሳሩ ኢቡካ ከሚባል መሐንዲስ ጋር ተዋወቀ። ኢቡካ በ13 ዓመት ይበልጠዋል፤ ወታደርም አልነበረም። እነሆ ወዳጅነት!

ነሐሴ 15 ቀን 1945 አኪዮ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ወደ ኮሱጋያ ሄዶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሬዲዮ ሊናገሩ ነው ተባለ። ሕዝቡ ድምፃቸውን ሰምቶ አያውቅም። አኪዮ ሙሉ የመኮንን ልብሱን ለብሶ፣ ጎራዴውን ታጥቆ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ አዳመጠ። የተነገረው የሽንፈት ዜና ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ቶኪዮ ውስጥ በመምህርነት ተቀጠረ። ብዙም ሳይቆይ አገሪቱን የያዘው የአሜሪካ ጦር የቀድሞ መኮንኖች እንዳያስተምሩ አዘዘ። አያችሁ ነገሩን! ከግንባር ያዳነው መለዮ እንጀራውን ነጠቀው።

እሱ ግን ዓይኑን ሌላ ቦታ ጥሎ ነበር። ቀደም ሲል ኢቡካ ቶኪዮ ውስጥ ተራ ሬዲዮዎችን አጭር ሞገድ እንዲይዙ አድርጎ እንደሚያድስ ጋዜጣ ላይ አንብቦ ደብዳቤ ጽፎለታል። አብረው ድርጅት ሊያቋቁሙ ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ አባት።

ሽማግሌ ተላከ

በ1946 ኢቡካና የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት አማቱ ታሞን ማኤዳ ከአኪዮ ጋር በሌሊት ባቡር ወደ ኮሱጋያ ሄዱ። ልክ እኛ አገር ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ እንደሚላከው! የሚጠየቀው ግን የቤቱ አልጋ ወራሽ ነበር። በዚያ የረሃብ ዘመን ዳቦ በቅቤና በማርማላታ፣ ሻይም ቀረበላቸው።

ሽማግሌዎቹ የመጣነው ለብርቱ ክርክር ነው ብለው ነበር። ኪዩዛኤሞን ግን ልጃቸው እንዲተካቸው ይጠብቁ እንደነበር ተናገሩና፣ ሌላ ነገር ከፈለገ የሚወደውን ይሥራ ብለው መረቁ። ጋኑን የመረከቡ ዕጣ ለታናሽ ወንድሙ ለካዙአኪ ወጣ።

ድርጅቱ በግንቦት 1946 በ190,000 የን ካፒታል፣ ቦምብ በጎዳው የገበያ ሕንፃ ውስጥ ተከፈተ። የመጀመሪያው የሩዝ ማብሰያቸው ከሸፈ። የድምፅ መቅጃ ክር ሲሠሩ ኬሚካሉን በመጥበሻ እስከመቁላት ደረሱ። ገንዘብ ሲያልቅ አኪዮ ወደ አባቱ ይሮጣል። አባትየውም ያበድራሉ፤ ዕዳውንም በአክሲዮን ይቀበላሉ። በኋላ ከትልልቆቹ ባለአክሲዮኖች አንዱ ሆኑ። ጠማቂ ሲባል የዋህ እንዳይመስላችሁ!

ስም

በ1955 አኪዮ ትንሿን ትራንዚስተር ሬዲዮ ይዞ ኒውዮርክ ወረደ። ቡሎቫ የተባለው ኩባንያ 100,000 እገዛለሁ አለው፤ ከድርጅቱ ካፒታል ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ትዕዛዝ ነው። ነገር ግን ሬዲዮው ላይ «ቡሎቫ» ተብሎ ይጻፍ አሉ። ቶኪዮ ያሉት ባልደረቦቹ ተቀበል ብለው ቴሌግራም ላኩለት። እሱ እምቢ አለ። ከ50 ዓመት በፊት የናንተንም ስም የሚያውቅ አልነበረም ብሏቸው ወጣ። የቤቱ ሰዎች ስም ለ14 ትውልድ ሲያስረክቡ ያየ ልጅ ስሙን በአንድ ቀን ትርፍ አይለውጥም። ጋኑን ትቶ ወጣ እንጂ ትምህርቱን ይዞ ነው የወጣው።

አንቱ ስንላቸው

በ1963 ሞሪታ ባለቤታቸውን ዮሺኮንና ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ኒውዮርክ ገቡ። አሜሪካውያንን ለማወቅ አብሮ መኖር ያስፈልጋል የሚል እምነት ነበራቸው። እንግሊዝኛ የማያውቁትን ወንዶች ልጆቻቸውን ጃፓንኛ የሚናገር ወደሌለበት የበጋ ካምፕ ላኳቸው። ዮሺኮም ቤታቸውን ለእንግዶች ከፍተው ውለዋል። የንግዱ ግማሽ በሳቸው ማዕድ ላይ ነው የተሠራው ብንል አልተጋነነም።

በ1964 አባታቸው ዐረፉ። የበኩር ልጅ ናቸውና የቤተሰቡ ራስ ሆነው ወደ ጃፓን ተመለሱ። ጋኑ ኒውዮርክ ድረስ ተከትሏቸው ሄደ ማለት ነው።

ዎክማንም የቤት ጣጣ አለበት። ሴት ልጃቸው ናኦኮ ከጉዞ ስትመለስ እናቷን ሳትስም ሮጣ ካሴት ስትከፍት አይተዋል። ናሙናውን ቤት ወስደው ሲያዳምጡ ደግሞ ዮሺኮ ተገለልኩ ብለው ተቆጡ። ስለዚህ በ1979 የወጣው የመጀመሪያው ዎክማን ለሁለት ሰው የሚሆን የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ነበረው። ሚስትን መስማትም ለሥራ ይጠቅማል እንግዲህ! ሞሪታ በ1993 ቴኒስ ሲጫወቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ በ1999 በ78 ዓመታቸው ዐረፉ።

ጋኑስ?

«ሀብታም አባት ስለነበረው ነው» እንደምትሉን እናውቃለን። እውነት ነው። የሁላችንም አባት አክሲዮን እየወሰደ አያበድርም። እኛን የከነከነን ግን ሌላ ነው፦ ካዙአኪ። አንዱ የሚወደውን ሊሠራ ሲወጣ ሌላው ጋኑ ሥር ይቀራል። ስለቀረው ግን ብዙ አይጻፍም።

ከዚህ ገጽ ጸሐፊዎች መሃል የአባቷን የጨርቅ ሱቅ ትታ ጋዜጠኝነት ያጠናች አንዲት በኩር አለች። ሱቁን የያዘው ታናሽ ወንድሟ ነው። መያዝ ይፈልግ እንደሆነ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ይህን ጽሑፍ ስንጨርስ ደወለችለት። «ምነው በሰላም?» አላት ደንግጦ። ለካ ያለ ጉዳይ ደውላለት አታውቅም።

እናንተም ደውሉ። ቸር እንሰንብት!