የአንዲት «ን» ሁለት ሥራ

አቃቂ ቃሊቲ ሁለት ሰዋስው የተጎራበቱበት ምድር ነው። አገሩ የቱለማ ኦሮሞ ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሐዲዱ በዚሁ አለፈ፤ ኋላም ፋብሪካ ሲተከል ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ በአማርኛ እየተግባባ ሰፈረበት። በዚህ ሰፈር አንዲት «ን» ተቃራኒ ሥራ ስትሠራ ትሰማለች። በአማርኛ «ሰውየው ውሻውን አየ» ስንል የምትለጠፈው በተሳቢው ላይ ነው። በኦሮምኛ ግን «ሰሬን ነማ አርጊቴ»፣ ውሻዋ ሰው አየች፣ ሲባል «ሰሬ» ባለቤት በመሆኗ «ን»ን ትይዛለች፤ ተሳቢው «ነማ» ባዶውን ይቀራል። እሱም ባለቤት ሲሆን «ነምኒ» ይባላል። ኦነሲሞስ ነሲብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 በግእዝ ፊደል ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን የባለቤት ምልክት በጽሑፍ አስቀምጦታል።

ግእዝ «ንጉሥ» የሚለውን ተሳቢ ሲያደርገው «ንጉሠ» ይላል፤ አማርኛ ይህ የለውም። ከዚህ ተነሥቶ አማርኛ የተጎሳቆለ ግእዝ ነው የሚል አይጠፋም። የሴም ቋንቋዎች ታሪክ ግን ይህን ፍርድ አይደግፍም። ዐረብኛ በጥንታዊ ጽሑፉ ሦስት የስም መድረሻ ሲለይ ግእዝ ራሱ ከሦስቱ የተሳቢውን ብቻ አስቀርቷል፤ ታዲያ ማነስ ጉስቁልና ከሆነ ግእዝም አይተርፍም። አማርኛ በበኩሉ ምልክቱን በ«ን» ሠርቶ የራሱን ስሌት ጨምሮበታል፦ «ዳቦ ገዛሁ» እና «ዳቦውን ገዛሁ» አንድ አይደሉም፤ «ን» የታወቀውን ዳቦ ትጠይቃለች። «ትልቁን ቤት» ሲባል ደግሞ ስሙን ትታ ቅጽሉ ላይ ትቀመጣለች። የፖላንድ ቋንቋ ሰባት የስም ሙያ ለይቶ ስሙንም ቅጽሉንም ይለውጣል፤ ብዛቱ ግን የሥራው ልክ እንጂ የክብር መለኪያ አይደለም።

የቃላት ቅደም ተከተል ይበቃል፣ ምልክቱ ትርፍ ነው የሚልም ይኖራል። ሁለቱም ቋንቋዎች ግሥን መጨረሻ ስለሚያደርጉ ባለቤትና ተሳቢ ከፊት ጎን ለጎን ይቆማሉ። «ልጁን ውሻው ነከሰው» ሲባል ሁለቱም ወንድ ናቸውና ግሡ ማን እንደነከሰ አይለይም፤ ተነካሹን የምትለየው «ን» ብቻ ናት። ሥራው አንድ ነው፤ አማርኛ ተሳቢውን፣ ኦሮምኛ ባለቤቱን መርጧል። ስለዚህ የአቃቂ ኦሮሞ ተማሪ በአማርኛ ድርሰቱ «ን»ን ሲያሳስት መምህሩ በቀይ ቀለም ከመሰረዝ በፊት ያቺው ድምፅ በልጁ ቤት ምን እንደምትሠራ ማወቅ አለበት። ልጁ ሰዋስው የጎደለው አይደለም፤ ሌላ የተሟላ ሰዋስው ይዞ የመጣ ነው።