የሪድ ቤተሰብና ቢጫው በቆሎ

ሮበርት ሪድ የተባለው ገበሬ በ1846 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቤተሰቡን ይዞ ከኦሃዮ ወደ ኢሊኖይ ግዛት ሲፈልስ፣ ከጓዙ ጋር የሚያውቀውን ቀላ ያለ የበቆሎ ዘር ጭኖ ነበር። ይሁን እንጂ የተዘራው ዘግይቶ ስለ ነበር ሰብሉ በሚገባ ሳይበስል ተሰበሰበ። በተከታዩ ዓመት ያንኑ ደካማ ዘር ቢዘራው ብዙው ሳይበቅል ቀረ። ገበሬውም ባዶ በቀረው ቦታ ሁሉ ቶሎ የሚደርስ ትንሽ ቢጫ በቆሎ ተከለበት፤ ሁለቱ ዝርያዎችም በነፋስ ተዳቀሉ።

ዕድል የሠራው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። የቀረው በፍልሰቱ ጊዜ ገና ሕፃን የነበረው የልጁ የጄምስ (1844-1910) ድካም ነው። ጄምስ ላቦራቶሪ አልነበረውም፤ የሜንደል ጥናት እንኳ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀው በ1900 ነው። መሣሪያው ዓይኑና ትዕግሥቱ ነበሩ። ከየዓመቱ መኸር መልካም መልካሙን ለዘር እየለየ ዕድሜውን በዚሁ ፈጸመ። በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ትርዒት በቆሎው ተሸለመ፤ ዘሩም ከግዛት ወደ ግዛት ተሠራጨ።

ኋላ የተነሡት የዲቃላ በቆሎ አርቢዎች ብዙ መነሻ ዝርያ ያገኙት ከዚሁ ዘር ነው። በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተገኝቶ በ1972 የወጣው ቢ73 የተባለው ዝርያ ሳይቀር የሥሩ ከፊል ወደ ሪድ ማሳ ይደርሳል።

ምስጋናው ለጄምስ ብቻ ሲሰጥ ግን ፍርድ ይጓደላል። አባት ባዶውን ቦታ ባይሞላ ኖሮ ልጅ የሚመርጠው ነገር ባልኖረው ነበር። ቀዩንም ሆነ ቢጫውን በቆሎ ከሁሉ አስቀድመው ያለሙት ደግሞ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ የእነዚያ ገበሬዎች ስም አልተመዘገበም።