የባሕር በርና የመተላለፊያ ውል፤ የመቀሌ የታሪክ ምሳሌ

በኅብረተሰብ ትምህርት የባሕር በር ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ተማሪው በአብዛኛው የሚያጠናው የወደቦችን ስምና ርቀት ነው። ሆኖም ወደብ የሌለው አገር የሚያስፈልገው መንገድ ብቻ አይደለም። ዕቃው በጎረቤት አገር ምድር ላይ ሳይያዝና ተደራራቢ ቀረጥ ሳይጫንበት እንዲያልፍ የሚፈቅድ፣ ፈቃዱም በቀላሉ እንዳይሻር ዋስትና ያለው ውል ጭምር ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው ውል እንዴት እንደሚቆምና እንዴትም እንደሚፈርስ ለማስረዳት የመቀሌ ከተማ ታሪክ ተስማሚ ምሳሌ ነው።

መቀሌ የምትገኘው የትግራይን ደጋ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ጋር በሚያገናኘው የንግድ መሥመር ላይ ነው። በዳሎል አካባቢ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው ሜዳ እየተጠረበ የሚወጣው ጨው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ በበርሃሌ በኩል ወደ ደጋው ይመጣ ነበር። ከዚያም አሞሌ ተብሎ በሲራራ ነጋዴዎች እጅ ወደ ሩቅ ገበያዎች እየተጓዘ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ጨው ግን የአገር ውስጥ ንግድ ነው። የዝሆን ጥርሱ፣ ሰሙና ቆዳው የሚወጣው፣ የውጭው ጨርቅና የጦር መሣሪያው የሚገባው በምጽዋ ነበር። ምጽዋ ደግሞ ከ1858 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በግብፅ እጅ ነበረች።

መቀሌን መቀመጫቸው አድርገው በ1870ዎቹ ቤተ መንግሥታቸውን በዚያ ያሠሩት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል ነሥተዋል። ይሁን እንጂ ድሉ ወደቡን አላስገኘላቸውም። ለዚሁ መፍትሔ የተፈለገው ግንቦት 1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከብሪታንያና ከግብፅ ጋር በተፈረመው ውል ነው። በብሪታንያ በኩል ተደራዳሪው አድሚራል ዊልያም ሂዌት ነበሩ። የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ የጦር መሣሪያን ጨምሮ ማናቸውም ዕቃ በብሪታንያ ጥበቃ ሥር ሆኖ በምጽዋ በኩል በነፃ እንዲተላለፍ የሚፈቅድ ነበር። በአንጻሩም ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን የማህዲስቶች አመፅ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ግዴታ ገቡ።

ኢትዮጵያ ግዴታዋን ፈጸመች፤ ራስ አሉላም የተከበቡትን የጦር ሰፈሮች ነፃ አወጡ። ነገር ግን ውሉ ከተፈረመ ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ ጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣሊያ በብሪታንያ ይሁንታ ምጽዋን ያዘች። ነገሩም በጥር 1879 ዓ.ም. ወደ ዶጋሊ ጦርነት አመራ። የውሉ ቃል ግልጽ ነበር፤ ጉድለቱ ዋስ የሆነው መንግሥት ጥቅሙ ከሌላ ወገን ጋር በሆነ ጊዜ የሚያስገድደው አካል አለመኖሩ ነው።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ ምጽዋና አሰብ ለኢትዮጵያ ንግድ አገለገሉ። በዚህም ምክንያት በ1957 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የባሕር በር የሌላቸውን አገሮች የመተላለፊያ ንግድ የሚመለከተውን ስምምነት በኒውዮርክ ሲያወጣ ኢትዮጵያ ከነዚህ አገሮች አንዷ አልነበረችም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ስትሆን ግን ጉዳዩ የኢትዮጵያም ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለቱ መንግሥታት በወደብ አጠቃቀም ተስማምተው ነበር። በ1990 ዓ.ም. ናቅፋ የተባለው ገንዘብ ከወጣ በኋላ በንግድ ክፍያ ላይ አለመግባባት ተነሣ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በድንበር ምክንያት ጦርነት ሲፈነዳ የሁለቱ ወደቦች አገልግሎት ተቋረጠ። ግንቦት 28 ቀን በመቀሌ የዓይደር ትምህርት ቤት በአየር ተደብድቦ ሕፃናት መሞታቸውን የከተማይቱ መምህራን አይዘነጉትም።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ መንገድ ሲከፈት ነጋዴው ከአስመራ ወደ መቀሌ ጎረፈ። ሆኖም የጉምሩኩና የምንዛሬው ሥርዓት በቅድሚያ አልተደላደለም ነበርና ከጥቂት ወራት በኋላ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። በ1876 ዓ.ም. ውል ኖሮ አስከባሪ ታጣ፤ በ2011 ዓ.ም. መልካም ፈቃድ ኖሮ ሥርዓት ታጣ።

የ1975 ዓ.ም. የባሕር ሕግ ስምምነት ወደብ የሌላቸው አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና በጎረቤት አገር የመተላለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ ግን በሚመለከታቸው አገሮች ስምምነት እንዲወሰን ይተወዋል። ቁጥራቸው 32 ለሚደርሰው እነዚህ አዳጊ አገሮች በ1995 ዓ.ም. በአልማቲ፣ በ2007 ዓ.ም. በቪየና የወጡት የሥራ ፕሮግራሞችና በ2017 ዓ.ም. በአዋዛ በተደረገው ጉባኤ የተመከረበት አዲሱ የአሥር ዓመት ፕሮግራም ለመንገድ፣ ለጉምሩክ አሠራርና ለገንዘብ እርዳታ ትኩረት የሰጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

የጅቡቲ መሥመር ለዚህ አስረጂ ይሆናል። ሁለቱ አገሮች በ1994 ዓ.ም. የወደብ አጠቃቀምና የመተላለፊያ ስምምነት ተፈራርመዋል፤ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ብድር የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቋል፤ ጅቡቲም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ትገዛለች። አንዱ ወገን ወደብ፣ ሌላው ኃይል ስለሚያቀርብ መሥመሩ ቢቋረጥ ሁለቱም ይጎዳሉ። ዳሩ ግን ከመቀሌ ሲታይ ይህ ጉዞ ከምጽዋው መንገድ እጅግ የረዘመ ነው። መቀሌን ከሐራ ገበያ ጋር ለማገናኘት የተጀመረው የባቡር ሐዲድም ሳይጠናቀቅ ቆይቷል።

ከዚህ ለትምህርት አዘጋጆችና ለመምህራን የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ተማሪው በካርታ ላይ ወደብን ከማመልከት አልፎ ሦስት ነገሮችን እንዲመረምር ሊለማመድ ይገባል፦ ውሉ ምን ይላል፣ ማን ያስከብረዋል፣ ቢፈርስስ የሚጎዳው ማን ነው። የመቀሌ ተማሪ ይህን ጥናት ከከተማው የጨው ገበያ ሊጀምር ይችላል። አንድ አሞሌ ከዳሎል ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈና እያንዳንዱ ምን እንዳገኘበት ቢጠይቅ፣ የመንግሥታትን የመተላለፊያ ውል ለመረዳት አይቸገርም።