አምበር ላይ የተነሣ የአምበል ነገር

አምበር ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። አንድ የገበያ ቀን እዚያ ጠላ ቤት ተቀምጬ ሳለ የኳስ ክርክር ተነሣ። በ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አምበላችን ማን ነበር? (የከተማዋና የማዕረጉ ስም መቀራረብ አጋጣሚ ነው።) ጎረምሶቹ «መንግሥቱ ወርቁ ነዋ!» አሉ። ጥግ ይዘው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን «ሉቻኖ ነው» ሲሉ ቤቱ ሳቀ።

«አያ፣ እሱ ጣሊያን አይደል እንዴ?»

ሽማግሌው መልስ አልሰጡም። በላይ ዘለቀ ጣሊያንን በተፋለመበት አገር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ሉቻኖ ቫሳሎ አስመራ ውስጥ የተወለደው በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ነው፤ የፋሺስት ጦር መረብን ሊሻገር ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም። አባቱ የጣሊያን ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ሮም በ1932 ያወጣችው ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ ለጣሊያኖቹ ጥቁር፣ ለእኛ ደግሞ «ክልስ»። ሰፈሩ የት ነው?

ሰፈሩ ሜዳው ሆነ። ከአስመራ ተነሥቶ ለድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫወተ፤ የብሔራዊ ቡድኑም አምበል ሆነ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ተጋጣሚያችን ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት። ባደዊ አስቆጠረ፤ ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገን። ወዲያው በደቂቃ ውስጥ ባደዊ ደገመ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ሉቻኖ መልሶ አገናኘ! በጭማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ፣ ከዚያም መንግሥቱ ወርቁ አከሉ። 4 ለ 2። እስከ ዛሬም ብቸኛ ዋንጫችን ይኸው ነው።

ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ማን ይቀበል? እንደሚተረከው አንዳንድ ሹማምንት «ክልስ» አምበል እንዲቀበል አልፈለጉም፤ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ግን እምቢ አሉ። ይድነቃቸው ዋንጫ ሰው ፊት አይቶ እንደማይሰጥ የሚያምኑ ሰው ነበሩ፤ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ አጥብቀው ታግለዋል። ዋንጫውን የተቀበለው ሉቻኖ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ግን አገር ለቆ ተሰደደ። አንድ ጊዜ እንኳ ልጁ አልፈለገችውም ወደነበረችው ጣሊያን! እዚያ በመካኒክነት ኖረ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው አጫወትኳቸው። «ነፍስ ይማር» አሉና ጣሳቸውን አስቀመጡ።

«እናቱ ኤርትራዊት ናት አልክ?»

«አዎ፣ አያ።»

ወደ ጎረምሶቹ ዞር አሉ። «ታዲያ ምን ያስቃችኋል?»